ፊልተሩ የቱን ስሌት ይንካ? የፓወር ቢአይ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ማታ እዚህ ነኝ፤ በፓወር ቢአይ (መረጃን በሰንጠረዥና በግራፍ በሚያሳየው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ፊልተር፣ ማለትም የሚሰላውን መረጃ የሚያጣራው ምርጫ፣ ያዛባባችሁን ስሌት ሁሉ አምጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የፒያሳ፣ የመርካቶና የሜክሲኮ ሱቆቻችን ሽያጭ አለኝ። ከስላይሰሩ (ሪፖርቱ ላይ ካለው የምርጫ ሳጥን) ፒያሳን ብቻ ስመርጥ ከጠቅላላው ያለው ድርሻ 100% ይላል። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ ምንም አላበላሹም። ስላይሰሩ አካፋዩንም (ጠቅላላ ድምሩንም) አብሮ ስላጣራው ፒያሳ ለራሷ እየተካፈለች ነው። አካፋዩን ካልኩሌት (ፊልተሩን ቀይሮ የሚያሰላ ትእዛዝ) ውስጥ ያስገቡና ፊልተር የሚያነሳውን ሪሙቭፊልተርስን በቅርንጫፉ ዓምድ ላይ ብቻ ይጠቀሙ። ጠቅላላው 10 ሚሊዮን፣ የፒያሳ 2 ሚሊዮን ብር ከሆነ 20% ይወጣል። የሽያጩን ሰንጠረዥ እንዳለ ኦል (ይህም ፊልተር የሚያነሳ ትእዛዝ ነው) ውስጥ መክተት የብዙዎች ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። የወሩም የዕቃውም ምርጫ አብሮ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ፒያሳንና መርካቶን መርጦ፣ ድርሻቸውን ከሁለቱ ድምር ነው የሚፈልገው።

መልስ፦ ኦልሴሌክትድ የሚባለውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። የስላይሰሩን ምርጫ ይጠብቃል፤ የረድፉን ያነሳል።

ጥያቄ፦ የወር ስም ላይ ሪሙቭፊልተርስ ጽፌያለሁ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ወር 100% ይላል። ሊያሳብደኝ ነው!

መልስ፦ እህቴ፣ ሐምሌ ከመስከረም እንዳይቀድም ብለሽ ስሙን በወር ቁጥር አስደርድረሽዋል አይደል? ችግሩ እዚያ ነው። ፓወር ቢአይ ለመደርደር ሲል የቁጥሩን ዓምድ ሳይነግርሽ አብሮ ይጠራዋል። አንቺ ከስሙ ላይ ፊልተሩን ስታነሺ ቁጥሩ ላይ ያለው ይቀራል፤ ወሩም እንደታሰረ ነው። ሪሙቭፊልተርስ ውስጥ ሁለቱንም ዓምዶች ጥቀሺ። የኛን 13 ወራት የያዘ የራሱ የቀን ሰንጠረዥ ላለው ሁሉ ይህ አይቀርለትም።

ጥያቄ፦ ታብሎ (ሌላው የመረጃ ማሳያ ፕሮግራም) ላይስ? በፊክስድ (በጠቀስኩት ዓምድ ብቻ በሚያሰላው ትእዛዝ) የሠራሁት ስሌት ፊልተሬን አይሰማም።

መልስ፦ እዚያ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው። ፊክስድ የሚሰላው ከኮንቴክስት ፊልተር (ቀድሞ እንዲሠራ ከተደረገው) በኋላ፣ ከዳይሜንሽን ፊልተር (እንደ ቅርንጫፍ ባለ ዓምድ ላይ ከሚደረገው የተለመደ ፊልተር) በፊት ነው። ፊልተሩን ወደ ኮንቴክስት ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ወደ ፓወር ቢአይ ልመልሳችሁ፤ የሱቅ ኃላፊዎች የራሳቸውን ብቻ እንዲያዩ በሮል (ማን የትኛውን መረጃ እንደሚያይ በሚወስነው የፈቃድ ደንብ) ገድቤያለሁ። እኔ ስከፍተው ድርሻው ልክ ነው፤ እነሱ ሲከፍቱት 100%።

መልስ፦ ኦል የሮልን ገደብ አያነሳም፤ ቢያነሳማ ደህንነቱ ምን ሊረባ! መውጫው ቅርንጫፍ የማይጠቀስበት፣ ከቅርንጫፍ ሰንጠረዥም ጋር ያልተያያዘ የጠቅላላ ድምር ሰንጠረዥ ለብቻው ማዘጋጀት ነው፤ አካፋዩን ከዚያ ይውሰዱ። ግን ያስቡበት፦ ሽያጩንና ድርሻውን የሚያውቅ ኃላፊ ጠቅላላውን አስልቶ ያገኘዋል። ሱቆቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ የሌላውን ገቢ እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። የድርጅቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ ሰንጠረዡን አይጨምሩት።