መልስ፦ ኤዲተሩ ስለ ዘር አመዳደብ መጠየቁ አግባብ ነው ወይ?

ኤዲተሩ "የተሳታፊዎቹን ዘር ማን ነው የወሰነው" ብሎ የህክምና ጥናት ፔፐሬን መለሰብኝ፣ ስራው ነው ወይ ላልከው፣ አዎ ወንድሜ፣ እንደውም ዋናው ስራው ይሄ ነው። የህክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመሪያ ራሱ ዘርና ብሄር እንዴት እንደተለየ ግለጹ፣ ለምን እንዳስፈለገም አስረዱ ይላል፣ ጃማ (JAMA) የሚባለው የአሜሪካ ህክምና ማህበር ጆርናልም እ.ኤ.አ. በ2021 ዘርዘር ያለ መመሪያ አውጥቷል። ሰውየው ራሱ ነው የተናገረው ወይስ መዝጋቢው መልኩን አይቶ ሞላው? ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፣ ዘር ሰው የፈጠረው ማህበራዊ ምድብ ስለሆነ ገቢውን፣ ሰፈሩን፣ ህክምና ማግኘት አለማግኘቱን፣ መድልዎውን ሳታይ "በሽታው የበዛው በዘሩ ነው" ብለህ መደምደም አትችልም።

የኩላሊቱን ነገር ተመልከት፣ አሜሪካ ውስጥ የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር ለጥቁር ታካሚ ብቻ ውጤቱን ከፍ ያደርግ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ያለ ዘር የሚሰራው አዲሱ ቀመር የመጣው፣ እስከዛ ግን ኩላሊታቸው ተዳክሞም ገና ናችሁ እየተባሉ የንቅለ ተከላ ወረፋ የዘገየባቸው ሰዎች አሉ፣ በጣም ያሳዝናል። ያ ቀመር ደግሞ ጆርናል ላይ ታትሞ ነው የተሰራጨው። እና በኤዲተሩ አትናደድበት፣ ፔፐርህ ላይ "ሌሎች" በሚል ምድብ አንድ ላይ የጨፈለቅካቸውንም ተሳታፊዎች እነማን እንደሆኑ ጽፈህ መልስለት።