ባህር ዛፉ ለምን ቀጭ አለ? ለመጀመሪያ ቀስት ሠሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ጅማ ያለ ወንድማችን የመጀመሪያ ቀስቱን በእጁ ሊሠራ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ አጠና ገዛ፣ ሁለቱንም ፊት በመላጊያ አስተካከለ፣ በሳምንቱ ገመድ አስሮ ሲስበው ከእጀታው ከፍ ብሎ ቀጭ አለበት። «ጥፋቱ የእንጨቱ ነው ወይስ የኔ? እዚህ አካባቢ ምን እንጨት ይሻላል? ስንት ጊዜስ ይደርቃል?» ይላል።

እንጨቱም ትንሽ አለበት፤ ትልቁ ጥፋት ግን መላጊያው ነው። ቀስት ሲባል ግማሹ ሰው ፍላጻውን ስለሚያስብ፣ እዚህ ቀስት የምለው ደጋኑን መሆኑ ይያዝልኝ። ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ስትስበው ወደ ዒላማው የዞረው ፊት፣ ጀርባው፣ ይለጠጣል። ወደ አንተ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት ከሥር እስከ ጫፍ ከሚወጡ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነገር ነው። የጀርባው ክሮች ሳይቆረጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄዱ ውጥረቱን ተጋግዘው ይሸከሙታል። መላጊያ ካለፈባቸው ግን የተቆረጠው ክር ጫፍ ሲለጠጥ ስንጥር ሆኖ ይነሳል፣ ስንጥሩ ይረዝማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሰከንድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጀርባውን አትንካ። ቅርፊቱንና ከሥሩ ያለውን ልጥ በደነዘዘ ቢላ ላጥ፤ ከዚያ በታች የሚወጣው ለስላሳ ገጽ፣ ጎርበጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ጀርባህ እሱ ነው። በብርድ አገር የሚሠሩ ሰዎች የእንጨቱን የዕድሜ ቀለበት እየተከተሉ ጀርባ ያወጣሉ። የኛ አገር አብዛኛው ዛፍ ቀለበቱ ጎልቶ ስለማይታይ ከቅርፊት ሥር ያለውን ገጽ ይዞ መሥራት ይሻላል። መላጊያ፣ ሞረድ፣ ቢላ፣ ሁሉም ሥራቸው ሆዱና ጎኑ ላይ ነው።

ወደ እንጨቱ ልመለስ። ባህር ዛፍ ክሩ ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል፤ ግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረትም አለበት፣ ስትሰነጥቀው ሁለቱ ግማሾች ወደየራሳቸው የሚጎብጡት ለዚያ ነው። ሲደርቅም ክፉኛ ይሰነጠቃል። ቀስት አይወጣውም አልልም፣ ለመጀመሪያ ግን አልመክርም። ከቡና ጥላነት የሚቆረጠው ግራቪላም ቀላልና ተሰባሪ ነው። ዋንዛ ለበርጩማ ጠራቢ ምቹ የሆነው ለመፈልፈል ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ያው ልስላሴው ቀስት ላይ ሆዱ በቶሎ እንዲረታ ያደርገዋል። ደግሞም ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከደን ለመቁረጥ ማሰብ የለብህም። «የቡና ግንድስ?» ላላችሁት፦ ጥንካሬው አለው፣ ግን አንጓ በአንጓ ነው፤ ከጉንደላ የተረፈውን ለሽብልቅ ያዙት።

የሚሻሉት ሁለት ናቸው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ታጥፎ ይመለሳል። ችግሩ ቀጥ ያለ ግንድ ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው ለንቋጣ ነው፤ የዚህ ዛፍ ዘመዶች በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለቀስት የሚመረጡ ናቸው፣ ቁጥቋጦ ስለሆነም ቀጥ ያለ ግንድ ያወጣል። ከገበሬ ማሳ ዳር ተስማምተህ ብትገዛ ይበቃል፤ የምትፈልገው አንድ ግንድ ነው። ውፍረቱ ከ8 እስከ 15 ሴ.ሜ.፣ ርዝመቱ ከቅርንጫፍና ከአንጓ ነፃ የሆነ 185 ሴ.ሜ.። ከመቁረጥህ በፊት ቅርፊቱ ላይ ያሉትን መስመሮች በዓይንህ ተከተላቸው፤ ግንዱን እየዞሩ የሚወጡ ከሆነ ውስጡም እንደዚያው ስለሆነ ተወው። ጣውላ ቤት ሄደህ የምትመርጥ ከሆነ ደግሞ የጣውላው መስመር ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላኛው ጫፍ የሚደርስ መሆን አለበት። መሃል ላይ ወደ ጎን የሚወጣ መስመር ካለ ጣውላው ለቀስት አይሆንም።

ግንዱን በመጋዝ አትክፈለው። መጋዝ ክሩ የትም ይሂድ አይገደውም። በሽብልቅ ክፈለው፤ ከወፍራሙ ጫፍ አንዱን ምታ፣ ስንጥቁ ሲሄድ ሁለተኛውን ከፊቱ አስገባ፣ እንዲህ እየተከታተልክ ሂድ። እንጨቱ ራሱ ክሩን ያሳይሃል።

ማድረቁ ላይ ጅማ መኖርህ ለውጥ ያመጣል። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውጭ የተቀመጠ እንጨት የሚፈለገውን ያህል አይደርቅም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ቁረጥ። በቆረጥክ ቀን ሁለቱን ጫፎች በቀለም ወይም በኮላ ድፈን፤ ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቅርፊቱን ቶሎ አንሳ፣ አለዚያ ነቀዝ ከሥሩ ይገባል፤ የተላጠውንም ጀርባ በቀጠነ ኮላ ቀባው። ከዚያ ገና እርጥብ እያለ በመጥረቢያ ሻካራ ቅርጽ አውጣለት፦ እጀታው ወፍራም፣ ክንዶቹ፣ ማለትም ከእጀታው ወዲህና ወዲያ ያሉት የሚታጠፉት ክፍሎች፣ ውፍረታቸው 2.5 ሴ.ሜ. ያህል። ቀጭን እንጨት ፈጥኖና እኩል ይደርቃል። እንዳይጣመም ቀጥ ካለ ጣውላ ጋር በሦስት ቦታ እሰረውና ጥላ ቦታ አጋድመው። ከምድጃ በላይ ያለ ቆጥ ጥሩ ማድረቂያ ነው፤ ግን ጥሬውን ቀጥታ እዚያ ከሰቀልከው ላዩ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ መሰንጠቅም ይከተላል። መጀመሪያ አንድ ወር ጥላ፣ ከዚያ ቆጥ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው ቀን ከመቁጠር ሚዛን ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን ሱቅ ወስደህ አስመዝነው፤ ቁጥሩን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፈው። ለሁለት ሳምንት ተከታታይ ካልቀነሰ ደርቋል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ይሆናል። በሳምንቱ የሳብከው ባህር ዛፍ እርጥብ ነበር ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ባይሰበር እንኳ ሆዱ ተጨምቆ ስለሚቀር ገመዱን ስትፈታው ጎብጦ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ከእንግዲህ ፍላጻ የሚወረውር ጉልበት የለውም።

አሁን ልክ። ገመዱን ከእጀታው 70 ሴ.ሜ. ድረስ ለሚስብ ሰው ጠቅላላ ርዝመቱ 174 ሴ.ሜ. ይሁን፤ አጭር ቀስት ለጀማሪ ምሕረት የለውም። ከመሃል 10 ሴ.ሜ. እጀታ ነው፣ ስፋቱ 3፣ ውፍረቱ 4 ሴ.ሜ. ገደማ። ከእጀታው በግራም በቀኝም 5 ሴ.ሜ. ውስጥ ወደ ክንዱ ቀስ ብሎ ይሳሳል፤ እዚህ ጋ በደረጃ ቀጥ አድርገህ ከቆረጥከው ጫናው ሁሉ የደረጃው ጥግ ላይ ይሰበሰባል። ክንዱ እስከ ግማሹ 4.5 ሴ.ሜ. ስፋት ይዞ ይሄድና ከዚያ በቀጥታ ጠብቦ ጫፉ ላይ 1.3 ሴ.ሜ. ይሆናል። መካከለኛውን መስመር ለማውጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥር። እንጨቱ ትንሽ ከጎበጠ ግን መስመሩ ክሩን ሳይሆን የእንጨቱን አካሄድ ይከተል። ውፍረቱን ለጊዜው ከእጀታው አጠገብ 18 ሚ.ሜ.፣ ጫፍ ላይ 14 ሚ.ሜ. ተው። መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው እንጨቱ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ስሌት ያዝ። ስፋትን በአሥር በመቶ ብትቀንስ ጥንካሬው በአሥር በመቶ ይቀንሳል። ውፍረት ግን ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚሠራው፦ 12 ሚ.ሜ. የነበረውን 11 ብታደርገው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ወደ 23 በመቶ የሚሆን ጥንካሬ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ በሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ አብዝተህ ከሄድክ ያ ቦታ ማጠፊያ ሆነ ማለት ነው፤ ቀስቱ በሙሉ መታጠፉን ትቶ እዚያ ብቻ ይታጠፋል።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ፣ እንጨቱን መታጠፍ ማለማመዱ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን ይወስዳል፣ ይውሰድም። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አስደግፈህ እጀታውን ይዘህ ቀስ ብለህ ተጫነው፤ ሁለቱም ክንድ እኩል እስኪታጠፉ በሞረድ ከሆዱ ቀንስ። ከዚያ የአውታሩን፣ ማለትም የቀስቱን ገመድ፣ ማረፊያ አውጣ፦ ከጫፍ 2.5 ሴ.ሜ. ገባ ብለህ በክብ ሞረድ ጎንና ጎኑን ብቻ፣ 3 ሚ.ሜ. ጥልቀት፣ ወደ እጀታው ጋደል አድርገህ። ጀርባውን አቋርጦ እንዳያልፍ።

ቀጥሎ ቀስቱን እጀታው ላይ ግድግዳ አጠገብ አግድም አሳርፈህ፣ ላላ ያለ ረጅም ገመድ ከጫፍ ጫፍ አስረህ፣ በእሱ መሃል ሌላ መሳቢያ ገመድ አስረህ፣ መሳቢያውን በመዘውር አሳልፈህ ከሦስት ሜትር ርቀት ሳብ። ከኋላው ግድግዳው ላይ በየ5 ሴ.ሜ. አግድም መስመር ካሰመርክ ዓይንህ አይሸወድም። ተንጠልጣይ ሚዛን በሁለቱ ገመዶች መሃል አስገባ። ለመጀመሪያ ቀስት 16 ኪሎ ይበቃል፤ ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፦ ቀስቱ ገና 20 ሴ.ሜ. ቢታጠፍም እንኳ ከ16 ኪሎ በላይ አትሳበው። መጀመሪያ አሳሳው።

ስትስብ ቆመህ ተመልከት። አንድ ክንድ ውስጥ ደረቅ ብሎ ቀጥ ያለ ቦታ ታያለህ፤ እዚያ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ማጠፊያ የሆነ ቦታ ካየህ ደግሞ እዚያ መስቀል አድርግበትና ሌላው እስኪደርስበት ድረስ አትንካው። የሚፋቀው ምልክቱ ብቻ ነው። ቢላውን በሁለት እጅህ ቀጥ አድርገህ ይዘህ ወደ ራስህ ስትጎትተው የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳና የሚጠቀለል መሆን አለበት፤ እንደ ስንጥር እየተነቀለ ከወጣ ክሩን ተቃርነህ ነውና አዙረህ ፋቅ። የብርጭቆ ስባሪም ይህን ሥራ ይሠራል፣ ጓንት ካለህ። አሥር ጊዜ ያህል ፍቀህ መልሰህ ሰቅለህ 30 ጊዜ በዝግታ ሳብ፤ እንጨት ለውጡን ቶሎ አያሳይም፣ ሳትስብ ከፈረድክ ሁለት ጊዜ ትፍቃለህ። ተስቦ እያለ ይዘኸው አትቆይ።

ክንዶቹ እኩል ሲሆኑ ገመዱን አሳጥረህ መጀመሪያ 8 ሴ.ሜ.፣ ኋላ 15 ሴ.ሜ. ከእጀታው እንዲርቅ አድርገህ ወጥረው። በየጊዜው 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. እየጨመርክ እስከ 70 ትሄዳለህ። የመጨረሻዎቹ 10 ሴ.ሜ. ላይ ሞረድ የሚባል ነገር አይነሳም፤ ቢላና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ። ያለ ፍላጻ ስበህ በፍጹም አትልቀቅ። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት ተመልሶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል።

ክረምት ከደረሰብህና እንጨቱ ሲፈታ ከ5 ሴ.ሜ. በላይ እየጎበጠ ካስቸገረህ ሆዱን በፍም ማሞቅ ይረዳል። ነበልባል በሌለው የከሰል ፍም ላይ ከ12 እስከ 15 ሴ.ሜ. ከፍ አድርገህ፣ ሆዱ ብቻ ወደ ታች ሆኖ፣ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ክፍል በክፍል አሙቀው። ጀርባው በእጅ የሚነካ ሙቀት ላይ ይቆይ። ከዚያ ሦስት አራት ቀን ሳትስበው አስቀምጠው፤ ከልክ በላይ የደረቀ እንጨት ስለሚሰበር ከአየሩ ጥቂት እርጥበት መልሶ ይውሰድ።

አውታሩን ከናይለን አትሥራ፣ ይለጠጣል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የፖሊስተር ክር ጥሩ ነው። አንዱ ክር ስንት ኪሎ እንደሚችል በሚዛን እየሳብክ እስኪበጠስ ሞክረው፤ ጠቅላላው ከቀስቱ ጉልበት አራት እጥፍ፣ እዚህ 64 ኪሎ፣ እስኪችል ድረስ ክሮቹን ደርብና ግመዳቸው፣ ከዚያ ሰም እሸው። ሰሙ በጅማ ገበያ አይጠፋም። ለፍላጻ ቀጥ ያለ ደረቅ ሸንበቆ ይሆናል፤ ከምትስበው 5 ሴ.ሜ. ይርዘም። እንጨቱን በተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባው፣ ሲቀመጥም አውታሩ ይፈታ።

የተሰበረውን ደግሞ እንዳትጥለው፣ ስብራቱን ቀርበህ እየው። ከጀርባው ተነስቶ ረጅም ስንጥር እያወጣ ከሄደ የላግኸው ክር ነው። እንደ ካሮት አጭርና ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ እንጨቱ ራሱ የተጎዳ ወይም ከልክ በላይ የደረቀ ነበር፤ ያንተ ግን በሳምንቱ ስለተሳበ መድረቁን ተወው። ሆዱ ላይ ከስብራቱ አጠገብ አግድም የተሰለፉ ፀጉር የሚያህሉ መጨማደዶች ካየህ ደግሞ ያ ቦታ ከሌላው ቀጥኖ ነበር ማለት ነው። ስብራቱንና ሁለቱን ጎኖች ከጎን በኩል ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ሜትሩንም አጠገቡ አድርግበት።