መልስ፦ «ኪት» ለምን «ካይት» ይሆናል?

የቡሬዋ እናት፣ ልጅዎ ኪት (kit) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንብቦ፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» (e) ሲጨመር ግን ካይት (kite) በማለት ፈንታ «ኪቴ» እንደሚል ጽፈዋል። እባክዎ አይቆጡት። በፊደላችን «ኪ» የትም ብትገባ ኪ ናት፤ አናባቢዋ ከቅርጿ ጋር ተሰፍቷል። የእንግሊዝኛ አናባቢ ግን ድምፁን የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሳስተምር አስቀድሜ የምጠይቀው «ቀለሙ (በአንድ ጊዜ የሚነገረው የቃል ክፍል) ዝግ ነው ወይስ ክፍት?» ብዬ ነው። ተነባቢ ከዘጋው አናባቢው ያጥራል፤ ኪት፣ ቤድ። ክፍት ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሱን ስም፣ ማለትም የፊደሉን መጠሪያ፣ ይጠራል፤ ሚ (me)፣ ጎ (go)፣ ሃይ (hi)። በካይት መጨረሻ ያለው «ኢ» ራሱ አይነበብም፤ ቀዳሚውን አናባቢ ስሙን ያስጠራዋል። እንደ ሃቭ (have) ያሉ ጥቂት ቃላት ግን ያፈነግጣሉ።

አናባቢዎች የሚጣመሩበት ቀለም (ሬይን፣ rain)፣ «አር» የሚከተልበት (ካር፣ car) እና በ«ኤል» እና «ኢ» የሚያልቀው (ቴብል፣ table) ቀስ ብለው ይደርሳሉ።

እኛን በጣም የሚያሳስተን ድርብ ፊደል ነው። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ስለሚለወጥ፣ ዲነር (dinner) ውስጥ ያለውን ድርብ «ኤን» ማጥበቅ ይቃጣናል። አይጠብቅም፤ ሥራው ቀለሙን ዘግቶ አናባቢውን ማሳጠር ነው። አንዱ «ኤን» ሲነሳ ቀለሙ ይከፈትና ቃሉ ዳይነር (diner)፣ ተመጋቢ፣ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ካይትን በወረቀት ይጻፉለትና የመጨረሻዋን ፊደል በአውራ ጣቱ እየሸፈነና እየገለጠ ያንብብ።