«እንጨት ማቃጠልም ሙያ ሆነ?» ለተባልሽው እህቴ

ከባህር ዳር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎቹም አንባቢዎች እንዲገባቸው ባጭሩ ላስተዋውቅሽ። የ23 ዓመት ወጣት ነሽ። ከቴክኒክና ሙያ በእንጨት ሥራ ተመርቀሽ አንድ ፈርኒቸር ቤት ትሠሪያለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሥዕል ትወጃለሽ። ስልክሽ ላይ ሰዎች በጋለ ብረት እንጨት ላይ የሰው ፊት ሲስሉ፣ ጃፓኖች ደግሞ ጣውላ ከሰል እስኪመስል ሲያቃጥሉ አየሽና ሐሳብሽ ሁሉ እዚያ ቀረ። ሜሪላንድ ያሉት አክስትሽ መሣሪያውን ልግዛልሽ ብለውሻል። «ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት? ጃፓን ሄዶ መማርስ ይቻላል?» ትያለሽ። የሥራ ባልደረቦችሽ ደግሞ «እንጨት ማቃጠልም ሙያ ሆነ?» ብለው ስቀውብሻል።

ሙያ ነው። ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ።

በሳቁ አትከፊ። እሳትና እንጨት እኛም ዘንድ ቆየት ያለ ዝምድና አላቸው። እረኛ ዱላ ሲቆርጥ ልጡን ገፎ እሳት ላይ ይለበልበዋል፣ በትኩሱ ያቃናዋል፣ ቅቤ ይቀባዋል። ልጆች ሆነን ለቡሄ ዱላ ስናዘጋጅ የላጥነውን ልጥ መልሰን ዱላው ላይ እየጠመጠምን ጭስ ላይ እናዞረው ነበር። ልጡ ሲፈታ ተሸፍኖ የነበረው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያልተሸፈነው ይጠቁራል። ያ ዥንጉርጉር ዱላ በእሳት የተሠራ ጌጥ ነው። ባልደረቦችሽም ሳይሠሩት አላደጉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ አንድ የጻፍሻቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ገበያቸውም፣ የሚጠይቁት ችሎታም ይለያያል። ይህን ካልለየሽ ገንዘብሽም ጊዜሽም ይባክናል።

አንደኛው በጋለ ብረት መሳል ነው። ፓይሮግራፊ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «በእሳት መጻፍ» ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የምድጃ መቆስቆሻ ብረት አግለው ይስሉበት ስለነበር በመቆስቆሻው ስም ይጠሩት ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚግል እስክሪብቶ አለ። ርካሹ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበትን ብረት ይመስላል፤ ሙቀቱ አይስተካከልም። ሻል ያለው ጫፉ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ሙቀቱም ከፍና ዝቅ ይላል።

እዚህ ሥራ ላይ ዋናው ሀብት የመሳል ችሎታሽ ነው። የምትሸጪው ስጦታ ነው፦ የሙሽሮች ፎቶ፣ የምረቃ ማስታወሻ፣ የካፌ ስም፣ የቤት ቁጥር። ችግሩ ሰዓት መብላቱ ነው። አንድ የሰው ፊት በወጉ ለመሥራት ሙሉ ቀን ሊፈጅብሽ ይችላል። ገበያውም ወቅት ይጠብቃል። ከዚህ በፊት የመከርኩት አንድ ልጅ በሰርግና በምረቃ ሰሞን ትዕዛዝ ሲጎርፍለት የወር ደመወዙን ትቶ ወጣ። ክረምቱ ሲገባ ስልኩ ጸጥ አለ። ጎበዝ ሠዓሊ ነበር። የጎዳው ትዕዛዝ ለሚጠፋበት ጊዜ የሚሆን ሌላ ነገር አለማዘጋጀቱ ነው።

ሁለተኛው የጃፓኖቹ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ «ሾ ሱጊ ባን» ሲሉት ሰምተሻል። ጃፓኖቹ ራሳቸው «ያኪሱጊ» ነው የሚሉት፤ የተቃጠለ ሱጊ ማለት ነው። «ሾ ሱጊ ባን» የመጣው የውጭ ሰዎች የጃፓንን ፊደል በተሳሳተ ንባብ ስላነበቡት ነው። ስትፈልጊ በሁለቱም ስም ፈልጊ፤ ቁም ነገሩን ግን በብዛት የምታገኚው በ«ያኪሱጊ» ነው። ሱጊ የዛፉ ስም ነው። ከእኛ ጥድ ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው።

ይህ ሥራ ከሥዕል ይልቅ ለግንባታ የቀረበ ነው። በምዕራብ ጃፓን፣ በኦካያማ አካባቢና ናኦሺማ በምትባለው ደሴት የቤቶቹ የውጭ ግድግዳ በእንዲህ ያለ ጥቁር ጣውላ ተሸፍኖ ታያለሽ። አሠራሩን ስሚ፣ በጣም ደስ ይላል። ሦስት ረጃጅም ጣውላዎችን ጎን ለጎን ገጥመው ባለ ሦስት ማዕዘን ቱቦ አድርገው ያስሯቸዋል። ግርጌው ላይ ጋዜጣ ወሽቀው እሳት ይለኩሱና ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ቱቦው የጭስ ማውጫ ሆነ ማለት ነው። አየሩ ከታች ይሳባል፣ እሳቱ በውስጥ እየተጎተተ ወደ ላይ ይወጣል፣ በአናቱ ነበልባል ይተፋል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ማሰሪያውን ይፈቱና ጣውላዎቹን መሬት ላይ ዘርግተው ውሃ ይደፉበታል። የውስጥ ፊታቸው በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ከስሏል። ጀርባቸው እንጨት እንደሆነ ነው።

ለምን ይጠቅማል? የከሰለው ሽፋን ዝናብና ፀሐይ ቶሎ አይጎዱትም፤ ሻጋታም ነፍሳትም የሚበሉት ብዙ ነገር አያገኙበትም። ይህ የቆየ የገጠር ዘዴ ዘመን አልፎበት ነበር። ቴሩኖቡ ፉጂሞሪ የሚባሉ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁርና አርክቴክት በ2007 እ.ኤ.አ. ናጋኖ ውስጥ በሠሩት «ያኪሱጊ ቤት» ሳቢያ የዓለም አርክቴክቶች ዓይናቸውን ጣሉበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ካቃጠልኩት ምስጥ አይነካውም» ብለሽ ለደንበኛ ቃል አትግቢ። ጃፓኖቹ የሚጠቀሙበት ለግድግዳ ነው፣ መሬት ውስጥ ለሚቀበር ምሰሶ አይደለም። ጣውላው በተቆረጠበት ጫፍ፣ ሚስማር በገባበት ቀዳዳ በኩል ያልተቃጠለው እንጨት ያው እንጨት ነው። ምስጥ በዚያ ይገባል።

ለአንቺ ግን ከሁለቱም ይልቅ ሦስተኛውን ብትይዢ ደስ ይለኛል። ጃፓኖች «ያኪጊሪ» የሚሉት አለ። ኪሪ የሚባለውን ቀላል እንጨት ፊቱን ብቻ ለብልበው ቁምሳጥንና ሳጥን ይሠሩበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፍ በየዓመቱ ሲያድግ ለስላሳና ጠንካራ መስመር ያፈራርቃል። እሳት ለስላሳውን ቀድሞ ይበላዋል። ከዚያ በብሩሽ ስትፈትጊው የከሰለው ለስላሳ ክፍል ይረግፋል፣ ጠንካራው መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል። እጅሽን ስታሳልፊበት ይታወቅሻል። የነሱ ብሩሽ ከሣር ሥር ታስሮ የተሠራ ነው፤ «ኡዙኩሪ» ይባላል። አንቺ በሽቦ ብሩሽ ጀምሪ፣ ግን እንጨቱን እንዳይቧጭረው ለስለስ ያለውን ምረጪ። መጨረሻ ላይ ሰም ትቀቢዋለሽ።

ይህን የመረጥኩልሽ ያለሽን ሙያ ስለማያስጥልሽ ነው። በርጩማ፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ አሁንም ትሠሪያለሽ። እሳቱ የሚጨምርብሽ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ዕቃው ግን ከጎረቤት ፈርኒቸር ቤት ዕቃ ጋር አንድ አይሆንም። ሐይቁ ዳር ያሉ ሎጆችና ካፌዎች የሚፈልጉት እንዲህ የተለየ ነገር ነው። ሥዕልሽን ደግሞ በዚያው ዕቃ ጥግ ላይ፣ በትንሹ፣ እንደ ፊርማ አስቀምጪው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በዚህ አሳልፊ። ከሥራ ቦታሽ ቁርጥራጭ ለምነሽ ሰብስቢ። የፈረንጅ ጥድ በጋዝ እሳት ለመለብለብ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ለሥዕሉ ነጣ ያለ፣ መስመሩ ያልጎላ፣ ሙጫ የሌለው እንጨት ያስፈልግሻል፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ የለሰለሰ። ዋንዛን አውቃለሁ፣ ያምራል። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ጥበቃ የሚሹ አገር በቀል ዛፎች ስለሆኑ፣ ስትገዢ ከየት እንደመጣ ወረቀት ጠይቂ።

አንድ ጣውላ ወስደሽ በእርሳስ በትናንሽ አራት ማዕዘን ክፈይው። በእያንዳንዱ ላይ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የብሩሹን ጊዜ እየለዋወጥሽ ሞክሪ፤ ከሥሩ ምን እንዳደረግሽ ጻፊ። ያ ጣውላ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ያስተምርሻል። ስትስዪ መስመርሽ መነሻው ላይ ጥቁር ነጥብ እየጣለ ያስቸግርሻል። ሁሉም ጀማሪ ያጋጥመዋል። ብረቱን አቁመሽ ስለምታሳርፊው ነው። እጅሽ እየተንቀሳቀሰ ያርፍ፣ እየተንቀሳቀሰ ይነሳ፣ ልክ አውሮፕላን እንደሚያርፍና እንደሚነሳ።

ስለ ደኅንነት ደብዳቤሽ ምንም አይልም፣ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ፈርኒቸር ቤቱ ውስጥ እሳት እንዳትለኩሺ። ሰጋቱራ ያለበት ቤት ነው። ግቢ ውስጥ፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ባልዲ ውሃ አጠገብሽ አድርገሽ ሥሪ። የለበለብሽው ጣውላ የጠፋ መስሎ ስንጥቁ ውስጥ ፍም ሊይዝ ይችላል፤ ሳይቀዘቅዝ ቤት አታስገቢው። ፕላይውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድ፣ ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካውን እንጨት ፈጽሞ አታቃጥዪ። የኮላውና የኬሚካሉ ጭስ መርዝ ነው። ስትስዪም ጭሱን ከፊትሽ የሚስብ ቬንትሌተር ይኑርሽ፤ የጨርቅ ማስክ ጭስ አያስቀርም። በተልባ ዘይት ከወለወልሽ ደግሞ ጨርቁን ጨብጠሽ ጥግ ላይ አትጣዪው። ዘይቱ ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ ተጨማዶ የተቀመጠ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ጃፓንን በተመለከተ፣ የጃፓን መንግሥት ሜክስት የሚባል ስኮላርሺፕ አለው፤ ከዘርፎቹ አንዱ ለሙያ ኮሌጆች ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ተከታተዪ። ግን ለመጀመር ጃፓን መሄድ አያስፈልግሽም። ከሄድሽም በእጅሽ የሠራሽው አሥር ዕቃ ፎቶ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ሥራ ስለመልቀቅ የምነግርሽ መለኪያ ይህ ነው፦ በዓልና ሰርግ በሌለባቸው ሦስት ተከታታይ ወራት ከእሳት ሥራሽ የተረፈሽ ገንዘብ፣ እንጨቱና ጋዙ ተቀንሶ፣ ደመወዝሽን ሲያክል ያን ጊዜ እንነጋገር። የሠራሽበትን ሰዓት በደብተር ያዢ።

ለአክስትሽ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። አሜሪካ የሚሸጠው መሣሪያ አብዛኛው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። እንዳለ ብትሰኪው በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ከመግዛታቸው በፊት ካርቶኑ ላይ «220» ወይም «ከ100 እስከ 240» የሚል መኖሩን አይተው ፎቶ ይላኩልሽ። ከሌለው ይቅርባቸው፤ በዚያው ገንዘብ ጥሩ የሽቦ ብሩሾችና ደኅና የጭስ ማስክ ይላኩልሽ።