የግንባታ ጥያቄዎቻችሁ፦ ፍርክስክስ ያለ የኮለን እግር፣ የጣና ውሃና ቶሎ የሚነቀል ቋሚ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ የሚከራይ ጂ+3 ቤት እያሠራሁ ነው። የምድር ቤቱ ኮለኖች (ተሸካሚ ምሰሶዎች) ፎርምወርክ፣ ማለት ኮንክሪቱ የተሞላበት የሳንቃ ቅርጽ፣ ሲፈታ የሁለቱ እግር ላይ ጠጠሩ ፈጦ፣ ብረቱ ሳይቀር ታየ። ኮንትራክተሩ «ልስን ይሸፍነዋል» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። ልስን ጭነት አይሸከምም፤ እርስዎ ደግሞ ከነዚያ ኮለኖች ላይ ሦስት ፎቅ ሊጭኑ ነው። የተጋለጠ ብረት እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ኮንክሪት ይሰነጥቃል። ልስኑ ይህን ሁሉ ከዓይን ይሰውራል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስትራክቸራል መሐንዲሱን ያስጠሩ። እሱ ሳያይ መሮ አይነሳ፤ ክፍተቱ ከብረቱ ጀርባ ካለፈ ከመፈልፈሉ በፊት ቢሞቹን (ኮለኖቹ ላይ የተኙትን አግዳሚዎች) በቋሚ እንጨት መደገፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በመዶሻ እየነኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ጠንካራው ኮንክሪት እስኪገኝ ይፈልፍሉ፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። በውሃ ታጥቦ ይጥገብ፣ ላዩ ላይ ግን የቆመ ውሃ አይኑር። መሙያው የማይኮማተር ግራውት (ለእንዲህ ያለ ክፍተት የሚፈስ የሲሚንቶ ቡኮ) ነው፤ የልስን ሞርታር ሲደርቅ ኮምተር ብሎ ከአሮጌው ይላቀቃል። ሰባት ቀን ሳይደርቅ ይቆይ።

ቀጣዩ ፎቅ ላይ እንዳይደገም ምክንያቱን ይወቁ። ኮንክሪት ከ3 ሜትር ከፍታ ሲደፋ ጠጠሩ ቀድሞ ታች ይደርሳል፣ ሲሚንቶና አሸዋው ስታፋው (የኮለኑን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከ1.5 ሜትር በላይ አይደፋ፤ ከፎርምወርኩ ጎን መሃል ላይ መስኮት ትተው በዚያ ይሙሉ። በሳንቃውና በሶሌታው (በፎቁ የኮንክሪት ወለል) መካከል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ይፈሳል፤ ከመሙላትዎ በፊት ይድፈኑት። ከሁሉ የከፋው ብረቱ የሚቀጠለው እዚያው እግር ላይ መሆኑ ነው። ባለ 16 ሚሊሜትር ብረት በዲያሜትሩ 50 እጥፍ፣ ማለት 80 ሴንቲሜትር ሲደራረብ ቦታው ይጠብባል። ስለዚህ መጀመሪያ በኮንክሪቱ ልክ የተቦካ፣ ጠጠር የሌለው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ሞርታር እግሩ ላይ ያፍስሱ። ቀጥሎ በ40 ሴንቲሜትር ንብርብር ይሙሉ፤ ቫይብሬተሩ (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ማሽን) ቀጥ ብሎ ወርዶ የታችኛውን ንብርብር 10 ሴንቲሜትር ያህል ይንካ፣ አረፋው ሲቆም በዝግታ ይውጣ። ብረቱን በቫይብሬተር ማንቀጥቀጥ ግን ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ከጣና በቦቴ የሚመጣ ውሃ ለሶሌታ ሙሌት ይሆናል?

መልስ፦ ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ነው፣ ስለዚህ ጨው ብረቱን ይበላዋል ብለው አይስጉ። የሚያስፈራው ደለልና የበሰበሰ ሣር ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ጭቃቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ደንገልና እምቦጭ ባለበት ዳርቻ የተቀዳ ውሃም ኮንክሪቱ እንዳይጠነክር ሊያዘገየው ይችላል። በበርሜል አንድ ቀን አስተኝተው ከላይ ይቅዱ። ከዚያ አንዱን ሲሚንቶ በዚህ ውሃና በንጹሕ የመጠጥ ውሃ ለየብቻ አቡክተው ያወዳድሩ፤ መጠንከር የሚጀምሩበት ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይጠቀሙበት። ቤተ ሙከራ የሚያስጨምቁት ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ጥንካሬም በንጹሕ ውሃ ከተሠራው ቢያንስ 90 በመቶ ሊደርስ ይገባል።

ከውሃው ምንጭ ይልቅ ግን መጠኑ ያሳስበናል። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ይበቃል፤ እርጥብ አሸዋ ከሆነ አሸዋው ውስጥ ያለው ይቀነስ። ሠራተኛው እንዲለሰልስለት 5 ሊትር ቢጨምር ጥንካሬው አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። በጎማ ቱቦ መልቀቅ ይቅር፣ በጀሪካን ተለክቶ ይጨመር።

ጥያቄ፦ ሶሌታው ከተሞላ 10 ቀኑ ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ተነቅሎ ለላይኛው ፎቅ ይዋል ይሉኛል።

መልስ፦ ገና ነው፤ በተለይ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። የሶሌታ ቋሚ 14፣ የቢም 21፣ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ 28 ቀን ይቆይ። ሲነቀል በሁለት ቢሞች መካከል ያለው ሶሌታ ከመሃል ወደ ዳር፣ በረንዳው ከውጭኛው ጫፍ ወደ ሕንጻው ነው። የላይኛው ሶሌታ የሚሞላበት ቀን የታችኛውም ቋሚ በቦታው ይኑር፤ እርጥቡን ክብደት አንድ ፎቅ ብቻውን አይችለውም። የመጋቢት ፀሐይና የሐይቁ ነፋስ ላዩን ቶሎ ስለሚያደርቁት ሶሌታውን በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑ፤ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከሆነ 7፣ ፒፒሲ ከሆነ ቢያንስ 10 ቀን፣ ማታም ጭምር እርጥብ ሆኖ ይቆይ።