ፅንሱን «ይችለዋል» ወይስ «ይታገሠዋል»?

ጥያቄ፦ ለነፍሰ ጡሮች የሚታደል በራሪ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «የእናት በሽታ የመከላከል አቅም በእርግዝና ጊዜ ስለሚዳከም ፅንሱን ይችለዋል» ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባዬ «ይቻቻለዋል» በል ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሻልም። ከዚያ በላይ ግን ያሳሰበኝ «ስለሚዳከም» ነው፤ እመለስበታለሁ።

«ቻለ» ሁለት ፊት አለው። «ክፉ ቀንን ችሎ አሳለፈ» ሲባል መሸከም ነው፤ «ይህን ጎረምሳ ማን ይችለዋል?» ሲባል ማሸነፍ ነው። «ፅንሱን ይችለዋል» የሚለውን ያነበበች እናት ሁለተኛውን ተረድታ ብትደነግጥ አልፈርድባትም። «ተቻቻለ» ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ እናትና ፅንስ ተቻቻሉ እንላለን እንጂ አንዱ ሌላውን «ይቻቻለዋል» አንልም።

እኔ «ታገሠ»ን እመርጣለሁ። አማርኛ አቅም ያጣውን ሰው ታጋሽ አይለውም፤ ታጋሽ መምታት እየቻለ እጁን የሚሰበስብ ነው። በማኅፀን የሚሆነውም ይኸው ነው። ከፅንሱ ዘር ግማሹ የአባት ስለሆነ ለእናቲቱ ሰውነት ግማሽ ባዕድ ነው። የሌላ ሰው ቆዳ ቢለጠፍበት አልቀበልም የሚለው ሰውነት ይህን ባዕድ ለምን እንደተወው፣ ብሪታንያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፒተር ሜዳዋር በ1953 እ.ኤ.አ. እንቆቅልሽ አድርጎ አቀረበው። ዛሬ ከፊሉ ተፈትቷል። ከእናት ጋር የሚዋሰኑት የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት (በዚህ ስም ውስጥ «እንግዳ»ን የምሰማው እኔ ብቻ ልሁን?) ባዕድነትን ከሚያሳብቁት ዋና ዋና ምልክቶች «ኤችኤልኤ-ኤ» እና «ኤችኤልኤ-ቢ» የተባሉትን አያወጡም፤ ይልቁንም አጥቂዎችን የሚያበርደውን ኤችኤልኤ-ጂ ያሳያሉ። በእናትም በኩል ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የራሷን የመከላከያ ጦር ይገታሉ።

ጦሩ ግን አልተበተነም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የማኅፀን ግድግዳ «ተፈጥሯዊ ገዳይ» በሚባሉ ሕዋሳት ይሞላል፤ እነርሱም ስማቸውን ትተው ለእንግዴ ልጁ ደም የሚያመጡትን ሥሮች ለማስፋት ያግዛሉ። ትዕግሥቱም ወሰን አለው፦ ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ (አርኤች የተባለው የደም ምልክት የሌላት) እናት ምልክቱ ያለው የአርኤች ፖዘቲቭ ልጇ ደም ከደሟ ሲቀላቀል ይህን ደም የሚያጠቃ አንቲቦዲ ልታመርት ትችላለች፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ በሚረገዘው ልጅ ላይ ይደርሳል። አንቲ-ዲ የተባለው መርፌ የሚሰጠው ይህን ለመከላከል ነው። ደካማ እንዲህ አያደርግም።

«ስለሚዳከም» ያሰኘዎት «አቅም» የሚለው ቃል ይመስለኛል። አቅም ወይ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፤ ሌላ ነገር እንዲሆን ቋንቋችን አይፈቅድለትም። እርጉዝ ሴት ወባና ኢንፍሉዌንዛ እንደሚጸኑባት እውነት ነው፤ ያም ቢሆን መከላከያዋ አሠራሩን ለወጠ እንጂ በጅምላ ወደቀ አይባልም። «ሥርዓት» ቢሉት ሥርዓት ይለወጣል፣ ይስተካከላል፣ ይታገሣልም።

እንግዲህ እንዲህ ይጻፉት፦ «የእናት የመከላከያ ሥርዓት በእርግዝና ጊዜ አሠራሩን ለውጦ ፅንሱን ይታገሠዋል።» ሲያሳትሙም በንጉሡ «ሠ» ይሁን።