መልስ፦ ዲፕሎማሲ ለመማር ውጭ መሄድ ግድ ነው?

ወንድሜ፣ "የሰላም ግንባታና ዲፕሎማሲ ለመማር የግድ ውጭ ልሂድ ወይ?" ላልከው፣ በፍጹም! አዲስ አበባ ተቀምጠህ? ስድስት ኪሎ ብቅ በልና በ2007 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደህንነት ጥናት ተቋም ጠይቅ።

ዲግሪ ብቻውን ግን ሸምጋይ አያደርግም። ከጓደኞችህ ጋር ተለማመዱ። ሁለታችሁ በመስኖ ውሃ የተጣላችሁ ጎረቤታሞች ሁኑ፣ አንዱ ያስታርቅ። አስታራቂው የአንዱን ቅሬታ በራሱ አፍ ይድገመው፤ ባለጉዳዩ "አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው" እስኪል ድረስ። ከዚያ በፊት መፍትሔ የሚባል አይነሳ። ከባዱ ይሄ ነው፣ እመነኝ። ውሃው ለከርሞም እንዲበቃ ካላሰባችሁበት ደግሞ እርቁ ክረምት አይሻገርም።

ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ ዛሬውኑ ጀምር፤ ሁለቱም የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። ዕድሜህ ከ18 እስከ 35 ከሆነም የኅብረቱን የወጣት በጎ ፈቃደኞች ማስታወቂያ ተከታተል።